ድልድዩን መጀመሪያ የተሻገረው ሰው

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታዴዎስ ልጅ፣ ለነፃነት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ የካው ሚካኤል ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽንና እህትሽን ሔራንን ሰላም በይልኝ። የአባትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። የአጎት ልጅ ብቻ አልነበረም፣ ወንድሜ ነበር።

በስልክ ስናወራ አንቺ አንዱን ስትዪ እኔ ሌላውን ስል ተኳርፈን ነው የምንዘጋው። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። ወረቀት ላይ ሰው ሰውን አያቋርጥም።

ነገሩ ይሄ ነው። ከርእሰ መምህራችሁ ከአቶ ወንደሰን ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ለትምህርት ቤታችሁ የማንበቢያ ክፍል አሠራለሁ፣ በሩ ላይ የአባቴ የግራዝማች ፀሐዬ ስም ይቀረጻል። በወላጆች ቀን የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ያንቺ ተማሪዎች የድልድዩን ታሪክ ጽፈው እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ድልድይ ሰዉ የግራዝማች ፀሐዬ ድልድይ እያለ ሲጠራው ሰምተሽ ነው ያደግሽው። አባቴ ለሰው አዝነው፣ በገዛ ገንዘባቸው፣ በገዛ መሬታቸው ላይ ያሠሩት ነው። ይሄንኑ ቃል በቃል አስጽፊያቸው። መምህርት ነሽ፣ አይከብድሽም።

ባለፈው የላክሽልኝ ፎቶ አናዶኛል። የግቢያችን አጥር የነበረበት ቦታ የመኪና እጥበት ሆኗል። ሰፈሩ በአፓርታማ ሲሞላ እኛን የሚያውቅ እየጠፋ ነው። ይሄ ነገር ያስቸኩላል።

አጎትሽ አምሃ ፀሐዬ


የካ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ አምሃ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቱን ብርድ ነው የያዘው፣ ቅባት እየተቀባ በሱፍ ይጠቅልለው ብላለች። ሔራን ሥራዋ መገናኛ ስለሆነ ጠዋት ታክሲ ተጋፍታ ወጥታ ማታ ተኮሳትራ ትገባለች፣ ሌላ ጤናዋ ደህና ነው።

የማንበቢያ ክፍሉን ዜና አቶ ወንደሰን ሲነግሩን አጨብጭበናል። መጻሕፍቱ አሁን ያሉት የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ከኳስ መረብ ሥር ነው። ክፍሉ በጣም ያስፈልገናል፣ ይሄንን አልደብቅዎትም።

ታሪኩን ግን እንዳሉት ቃል በቃል አላስጽፍም፤ አይቆጡኝ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የኅብረተሰብ ትምህርት ማለት መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ እኛ ስንገለብጥ መዋል ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ ከክፍል ይባረር ነበር፤ አንዴ እኔም ተባርሬያለሁ፣ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የእኔ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ራሳቸው ነው የሚያወጡት። ሄደው ይጠይቃሉ፣ ቦታውን ያያሉ፣ የሰሙትን ያወዳድራሉ። አንድ ነገር እውነት ነው የምንለው ለየብቻ የተጠየቁ ሰዎች ሲስማሙበት ነው። እኔም መስከረም ላይ፣ ደብዳቤዎ ሳይመጣ፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፦ ያገኛችሁት ምንም ይሁን፣ በወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የድልድዩን ነገር ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው። አባትዎ ከሠሩት መገኘቱ አይቀርም።

ቅዳሜ ዕለት የእድሩ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ቤት ወስጃቸው ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ከበበ ካባቸውን አስተካክለው፣ ድልድዩን የሠሩት ግራዝማች ናቸው አሉ። የቀሩት ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ ደስ ይበልዎ ልል ነበር። ሁዳ የምትባል ተማሪ አለችኝ፣ ሾላ ገበያ እህል የሚነግዱት የአቶ ሙዘይን የልጅ ልጅ። ነገር የማትለቅ፣ አንዳንዴ እኔንም የምታሰለች ልጅ ናት። ስንመለስ፣ "ቲቸር፣ እዚያ የመለሰልን እኮ አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ እሺ ነው ያሉት" አለችኝ። ሕጋችንን አፍርሰናል ማለቷ ነው። ልክ ናት። በትልቅ ሰው ፊት የትልቁን ቃል ማን ያፈርሳል? በየቤታቸው ሄደው እንደገና ሊጠይቁ ነው።

አክባሪዎ ነፃነት ታዴዎስ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፃነት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እናትሽን ስለ ቅባቱ አመስግኚልኝ፣ ይዤዋለሁ።

የእድር ዳኛ መሰከረ፣ ሽማግሌ ሁሉ ተስማማ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ፍርድ ቤት ነው እንዴ የከፈትሽው? የማንም ነጋዴ የልጅ ልጅ የአባቴን ነገር በር እያንኳኳች ታጣራለች ማለት ነው? ያን ቤተሰብ አውቀዋለሁ፤ የሙዘይን አባት ሐጂ ሙአዊያም ምላሳቸው አያርፍም ነበር።

ልጅ የሚጠይቀው ትልቅ ሰው እስኪመልስለት ነው። ተመልሶለታል፣ አበቃ። ጽፈው ይስጡሽ፣ አንብቤ አርሜ እመልስልሻለሁ። የበሩን ጽሑፍ የሚቀርጸውን ሰው ቀጥሬያለሁ።

አምሃ


የካ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አምሃ፤

እንደምን ከረሙ? እንኳን ለብርሃነ ልደቱም ለጥምቀቱም አደረሰዎ። የዘገየሁት በበዓል አይደለም። ስጽፍ ስቀድ ነው የከረምኩት፤ ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልበረደም።

ልጆቹ በየቤቱ ሄደው ድልድዩን ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ እንደ እድሩ ሽማግሌዎች ይመልስላቸው ጀመር። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ለምን እንደሆነ ተወያየን። ኦልያድ የሚባል ተማሪ፣ ማን ሠራው ስንላቸው ማን ይቀየመናል ብለው እያሰቡ ነው አለ። ሁዳ እንግዲያው ጥያቄውን እንቀይረው አለች። መጀመሪያ ማን ተሻገረበት ብለን እንጠይቅ አለች። ጋሽ አምሃ፣ እኔ መምህርታቸው ይሄ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

እማማ ሮማነወርቅን ያውቋቸዋል፣ ከላይ፣ ጫካው ጥግ የሚኖሩት። ልጆቹ ጥያቄውን ሲያቀርቡ ቀጥ ብለው፣ "ግራዝማች ናቸዋ፣ በቃሬዛ" አሉ። ሌላ ቤት ሲኬድም ግራዝማች፣ በቃሬዛ ነው መልሱ። ጋሽ ከበበ እንኳን፣ ያ ሁሉ ካባ ወልቆ ቤታቸው ብቻቸውን ሲጠየቁ፣ ያንኑ አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚቆም ወሬ የለም።

ልጆቹ ያመጡትን ልንገርዎት፣ ምንም እንኳን እኔ ልነግርዎት የሚገባ ባይሆን። ከወንዙ በላይ ያለው ሰው ሬሳ ይዞ ወደ ሚካኤል ሲወርድ የሚሻገርበት ጠባቡ ቦታ የአባትዎ መሬት ነበር። ሰዉ እዚያ ላይ ድልድይ እንሥራ ብሎ ሽማግሌ ልኮ ለምኗቸዋል። እሳቸው፣ ድልድይ ካለ ሰው ይለምዳል፣ ሰው ከለመደ መንገድ ይሆናል፣ መሬቴ የእኔ መሆኑ ይቀራል ብለው መለሱ። አንድ ክረምት የእማማ ሮማነወርቅ አማት ሞተው ወንዙ ሞልቶ፣ ሬሳቸው ዳገቱ ላይ ዝናብ ሲመታው አድሯል። እማማ ይሄንን ለልጆቹ ሲናገሩ አላለቀሱም፤ ግን ነጠላቸውን ጫፉን ይዘው ሲያጥፉ ሲፈቱ ነበር አለችኝ ሁዳ።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ አባትዎ ሞቱ። ወንዙ ሞልቷል፣ የዙሪያው መንገድ ተንዷል። ያን ጊዜ ሰዉ ተነሥቶ ከአባትዎ ጫካ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ጠባቡ ላይ አጋደመ። እነ ሐጂ ሙአዊያ የእህል መጋዘናቸውን በሮች ነቅለው አምጥተው ከላይ አነጠፉ። አቶ ሙዘይን ያኔ ልጅ ነበሩ፣ መጋዘናችን ያለ በር ከርሟል ብለው ይስቃሉ። አባትዎን ወደ ሚካኤል አሻገሯቸው። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ እድሩ ወሰነ። ድልድዩ በዚህ ነው በድንጋይ የተሠራው። መጀመሪያ የተሻገሩት እሳቸው ስለሆኑ በስማቸው ተጠራ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመትዎ ነበር። ከቃሬዛው ኋላ ነበሩ። ያባቴ የአጎት ልጅ ይዋሻል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እንዳሉኝ ባደርግ ኖሮ ልጆቹን የውሸት ሰሌዳ ባስገለበጥኳቸው ነበር። ለሰው አዝነው ያሠሩት ብለው ሲጽፉልኝ ያ ቃሬዛ አልታወሰዎትም? የእኔም ደም ነው እኮ። እኔም አፍሬያለሁ፣ ግን ያፈርኩት በአባትዎ ብቻ አይደለም።

ልጆቹ ያገኙትን እየጻፉ ነው። እንደ ቃሌ ይለጠፋል።

ነፃነት


ጎተንበርግ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነፃነት፤

ሰላምታም ምርቃትም ዛሬ የለኝም።

ምን ቆርጦሽ ነው የሞተ ሰው አጥንት የምትቆጥሪው? አባትሽ ቢኖር ይሄንን ወረቀት አፍሽ ላይ ነበር የሚቀደው። የቤተሰብ ገመና ለሕፃናት ተበትኖ፣ ለነጋዴ ተነግሮ፣ አሁን ደግሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። ሌላው ቢቀር የቤተሰቡን ስም ትሸከሚያለሽ ብዬ ነበር።

ለአቶ ወንደሰን ዛሬውኑ ጽፌያለሁ። ያ ነገር ግድግዳ ላይ ከወጣ ክፍሉ የለም። ለልጆቹ አንቺው ንገሪያቸው፣ የማንበቢያ ክፍል ያሳጣኋችሁ እኔ ነኝ በያቸው።

አምሃ ፀሐዬ


የካ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አምሃ፤

እርስዎ ቢተዉትም እኔ ሰላምታዬን አልተውም። እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

የፈለጉት ሆኗል። አቶ ወንደሰን በትምህርት ሰዓት ክፍሌ ገብተው፣ ልጆቹ ለልምምድ የለጠፉትን ሁሉ በእጃቸው ገነጣጥለው አነሡት። የጫካውን ካርታ ከነማስቲሹ ላጡት። አርባ ምናምን ልጅ ቁጭ ብሎ ያያል። ያንን ካርታ ኦልያድ ሙሉ ሳምንት ነው የሣለው፣ ገደሉን በቡኒ እያቀለመ። ቢሯቸው ጠርተውም ለሚቀጥለው ዓመት ክፍለ ጊዜ እንደሚቀይሩብኝ ነገሩኝ፣ ስፖርት አስተምሪ ብለውኛል። እኔ ሩጫ አስተምራለሁ ጋሽ አምሃ፣ በዚህ ወገቤ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለቴ እስከ አሁን ያንገበግበኛል፣ ማታ ማታ ለእሳቸው ያልመለስኩትን መልስ ለእናቴ እየመለስኩ ነው የምተኛው። እናቴም ብትሆን ከእኔ ጋር አይደለችም፤ የሞተ ሰው ምን አደረገሽ ትለኛለች።

ልጆቹ ግን ምን እንዳሉ ልንገርዎት። ከተራቆተው ግድግዳ ፊት ቆመው፣ ካዩት ሰዎች አንዱን እኮ አልጠየቅንም አሉ። እርስዎን ማለታቸው ነው። የጉዳዩ ባለቤት ሳይጠየቅ ፍርድ መስጠት ልክ አይደለም ብለው ተከራከሩ፣ እርስዎ ለእነሱ ያላሰቡትን እነሱ ለእርስዎ አሰቡ። በሁዳ እጅ የተጻፈው ጥያቄ ይኸው፦

"የተከበሩ አቶ አምሃ። የአባትዎ ቀብር ዕለት እዚያ ነበሩ። ያዩትን ቢነግሩን ከሌሎቹ ቃል ጋር እናስቀምጠዋለን። ምንም አንቀንስበትም።"

ይመልሱላቸው ወይም ይተዉት። እኔ እንደሆነ የምለምንዎት ነገር የለኝም።

ነፃነት


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፃነት ታዴዎስ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ይሄን ያልኩት ለሥርዓቱ ነው።

የልጆቹን ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጾሙን በሙሉ ስዞረው ከረምኩ። ምንም አንቀንስበትም ብለውኛል። እሺ፣ አይቀንሱ።

አዎ ነበርኩ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ነጥቆኝ በአንድ እግር ነበር የምሄደው። አባቴን በሕይወት ሳሉ ፊት የሚያዞሩባቸው ሰዎች ትከሻቸው ላይ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፣ ለመቀበል ይሽቀዳደሙ ነበር። አንድ ሰው እንኳን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ራሴ ላይ ጣለችልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ስድብ ይመለሳል። ነጠላውን ምን ብዬ ልመልሰው? ከዚያ ቀን በኋላ በድልድዩ አልሄድኩም፣ ትምህርት ቤት እንኳን በዙሪያው ነበር የምሄደው። እስክለምደው አልጠበቅሁም፣ አገር ለቀቅሁ።

አንቺና ሁዳ በስማቸው ተጠራ ብላችሁ እንደ ክብር ትጽፋላችሁ። እኔ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። ማላገጥ ነው። የከለከለውን ሰው ስም አወጡለት፣ ልጁም የልጅ ልጁም እየሰማ እንዲኖር። ዕድሜዬን በሙሉ የየካ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የግራዝማች ድልድይ ሲል ወሬ እቀይር ነበር። አሁን ሸምግዬ ያንን ስድብ ክብር ላደርገው ስለፋ አንቺ ከሥሩ ነቀልሽብኝ።

ክፍሉን ትቼዋለሁ፣ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሁን። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ፣ ልጁ ነኝና መብቴ ነው። የአባቴን ስም ከዚያ ድልድይ ላይ አንሱት። ለእድሩ ንገሪ፣ ካስፈለገም ለወረዳ አመለክታለሁ። የሬሳ ድልድይ ይበሉት፣ የድንጋይ ድልድይ ይበሉት፣ የፈለጉትን ይበሉት። አባቴን ይተዉልኝ።

አምሃ


የካ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አምሃ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ተናድጄም አዝኜም ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ጫማ ሲሄድ አየሁት። ቀጥሎ ደግሞ ያ ልጅ አድጎ በአቶ ወንደሰን እጅ የኦልያድን ካርታ ሲቀድ አየሁት። ሁለቱም እርስዎ ነዎት፣ አንዱን ትቼ አንዱን መውሰድ አልቻልኩም።

የወላጆች ቀን አልፏል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ወረቀት እንዳይለጠፍ ተከልክለን ነበር። ጋሽ ከበበ ሰምተው፣ የእድሩ ቤት ግድግዳ ምን ይሠራል አሉ። ልጆቹ ሁሉንም እንደገና ጻፉት፣ ድንኳኑና ወንበሮቹ ወጥተው ግድግዳው ሙሉ ተለጠፈ። ለእነሱ የገባሁላቸውን ቃል የጠበቀልኝ ትምህርት ቤቴ ሳይሆን እድሩ ነው፤ ይሄ ያበሽቀኛል፣ ግን ተጠብቋል። የእርስዎ ቃል ከእማማ ሮማነወርቅ ቃል ጎን አለ። ምንም አልቀነሱበትም፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር የሚለውንም። ሰዉ እዚያ ጋ እየደረሰ ይቆማል። እናቴም ቆማለች፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አልተቆጣችኝም።

ስሙ ይነሣ ያሉትን ለእድሩ ከማቅረቤ በፊት ለልጆቹ ነገርኳቸው። መብታቸው ነው ያለ አለ፣ አይደለም ያለ አለ፤ ክፍሉ ገበያ ሆነ። በመጨረሻ ማላገጥ ነው ወይ፣ ስሙስ ይነሣ ወይ ብለው ከወንዙ በላይና በታች ያለውን ሰው በየቤቱ ጠየቁ። ብዙ ነገር ተባለ፣ ግማሹም አይጻፍም። እኔ የእማማ ሮማነወርቅን ብቻ ልጻፍልዎት፣ አብሬያቸው ስለነበርኩ በጆሮዬ የሰማሁት እሱን ነው።

ኦልያድ ደብዳቤዎን አነበበላቸው። ነጠላው ጋ ሲደርስ እማማ አቋረጡት፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ተቆጡ፤ እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ከተቀመጡበት ተነሡ። አማታቸው ዝናብ ሲመታቸው ያደሩት አባትዎ ስለከለከሉ ብቻ አይደለም አሉ። መጥረቢያው ያኔም ነበር፣ ዛፉም ነበር፣ ሰዉም ነበር። እኛ ፈርተን ነው አሉ። እሳቸው በሕይወት እያሉ አንድ ዛፍ መቁረጥ አቅቶን፣ ሲሞቱ በግማሽ ቀን ሠራነው። የገዛ ሬሳችንን ጭቃ ላይ አስተኝተን የእሳቸውን አሻገርን። ያንን እንዳንረሳው ነው በስማቸው የጠራነው አሉ። በእርስዎ ለማላገጥ ቢሆን ኖሮ በየለቅሶው ድንጋይ ተሸክሜ ዳገት እወርድ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ፣ መልስ ግን አልጠበቁም።

ስሙስ ይነሣ ወይ ስትላቸው ሁዳ፣ ያሉትን እንዳሉት አስቀምጬዋለሁ፦

"ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። ለራሳችን ነው ያወጣነው። ልጁ ምን አግብቶት ነው የሚያነሣው?"

እድሩም ከዚህ የተለየ አልወሰነም። ስሙ አይነሣም ጋሽ አምሃ። ይህን ሁሉ ዘመን የእርስዎ መስሎዎት ተሸክመውት ኖረዋል፤ የእርስዎ አልነበረም።

ነፃነት ታዴዎስ